አሥራ ሁለት ነጭ ጽጌረዳ

አበባ ሻጩ በሩን ሦስቴ አንኳኳ፤ ሦስቴም ስልክ ደወለ። መልስ ሲያጣ የያዘውን አሥራ ሁለት ነጭ ጽጌረዳ ወደ ግራ ክንዱ አዛውሮ በጎን ዞረና በተከፈተው መስኮት አጮለቀ።

ጡረተኛዋ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከአጭር መሰላል ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው የአበባ ሸክላዎች በሚደረደሩበት የድንጋይ መደብ ጠርዝ ሥር ነው። ውሃ ማጠጫው ከጎናቸው ተገልብጧል። ክፍሉን የሞሉት ሠላሳ አንድ ተክሎች ግን ውሃ ጠግበው ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነበር።

መርማሪዋ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከገባች ክሩን ሳታስከትል ስለማትወጣ ነው።

«መሰላል ላይ ሆነው ሲያጠጡ ወደቁ፤ ይኸው ነው» አላት በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

ሐኪሙ ከተንበረከከበት ቀና አለ። «ይኸው አይደለም። በሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ። ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍቷቸዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚህ አጥብበሽ አትጠይቂኝ።»

ሰዓቱን ያጠበበላት በመስኮቱ ደፍ ላይ የነበረው የሟቿ ስልክ ነው። መቆለፊያ የለውም። የመጨረሻው መልእክት ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ለአበባ ሱቁ የተላከ ነው፦ «አሥራ ሁለት ነጭ ጽጌረዳ በስድስት ሰዓት ቤቴ ይድረስ»። ከእሱ ወዲህ ያለው አበባ ሻጩ በስድስት ሰዓት የደወላቸውና ያልተነሱት ሦስት ጥሪዎች ናቸው። መርማሪዋ በራሷ ስልክ ወደ ቁጥሩ ደወለች። ጩኸቱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ፖሊሱ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«ጆሮዋ ስለደከመ ነው» አለ ከኮሪደሩ የመጣ ሻካራ ድምፅ። የሟቿ ታናሽ እህት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ወደ ክፍሉ አልገቡም። «ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ስልክ ሲሳቀቅ ነው የኖረው።»

መርማሪዋ ስልኩን በከረጢት አድርጋ አበባ ሻጩን አስጠራች።

«እኔን ነው የጠረጠሩት?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«እስካሁን ማንንም አልመረጥኩም። ከሟቿ ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጡም። ተባይ ያለበት ተክል ሸጥክልኝ ብለው ደንበኛ ፊት እንደ ተማሪ አንበረከኩኝ። በግልጽ ልንገርዎ፣ አልወዳቸውም ነበር።»

«ታዲያ ትእዛዛቸው ሲመጣ አልገረመዎትም?»

«ገርሞኛል። የተቆረጠ አበባ ሬሳ ነው የሚሉ ሴት ናቸው። ግን ይቅርታ መጠየቂያቸው መሰለኝና ራሴ ይዤ መጣሁ። የት አውቄ።»

«በር ላይ ሆነው ሲደውሉ ምን ሰሙ?»

«ይጠራል፤ አይነሳም።»

«ከቤት ውስጥስ?»

አበባ ሻጩ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ከውስጥ ምንም አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ወደ መደቡ ወሰደችው። ወይን ጠጅ አበባ ባላት ትንሽ ቫዮሌት ጸጉራም ቅጠሎች ላይ የውሃ ጠብታ ተኝቷል። አበባ ሻጩ ሬሳ ያየ ጊዜ ያላሳየውን ድንጋጤ አሁን አሳየ።

«ማነው ይህን ያደረገው? ቫዮሌት በቅጠሉ አይጠጣም፤ ሳህን ላይ ውሃ ተደርጎለት በሥሩ ነው የሚስበው። ይሄ ደግሞ» ጣቱን ወደ ቁልቋሉ ቀሰረ፣ «በብርድ ወራት ጠብታ አይነካውም፤ ይበሰብሳል። ይህን ያጠጣ ሰው ለተክል ጠላት ነው።»

ሠራተኛዋ በኩሽና ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሐረብ ታጣምማለች። ስምንት ዓመት እዚህ ቤት አገልግላለች። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ገበያ ወጥታ የተመለሰችው ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

«ቅዳሜ ተክል ይጠጣል?» አለቻት መርማሪዋ።

«ላባ የመሰለ ቅጠል ያለው ፈርኑ ብቻ። እትዬ ለእያንዳንዱ ቀን አላቸው። ውሃውንም ማታ ቀድተው፣ ከድነው አሳድረው ነው የሚያጠጡት። አንድ ቀን ከቧንቧ ቀጥታ ባጠጣ ሦስት ቀን አላናገሩኝም።»

«የዛሬው ውሃ የት አለ?»

ሠራተኛዋ በክፍሉ ጥግ ያለውን ባልዲ ክዳን አነሳች። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ዞር ብላ የረጠቡትን ሸክላዎች ተራ በተራ አየችና አፏን በመሐረቡ ያዘች።

«እመቤትሽ ከማን ተጣልተው ነበር?»

«ከእህታቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት አይነጋገሩም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ‹ለዚያች ሴት ጨው አቀብያት› ይሉኛል።»

«ከአማቻቸው ከመሐንዲሱስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ሠራተኛዋ፤ ግን ዓይኗ ወደ ራሷ ክፍል በር ሸሸ። መርማሪዋ የኩሽናውን በር ዘግታ ከእሷ ጋር ቀረች፤ የወጣችው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

ታናሽ እህትየዋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ራዲዮናቸው እስከ ጣሪያ ይጮኻል፤ አልቀነሱትም።

«ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ነው የምትፈልጊው፤ ጻፊ።»

«ገፍተዋቸዋል?»

«አልገፋኋትም። ስትሞትም አላለቀስኩም። ይህንንም ጻፊው።»

«ያጣላችሁ ምንድነው?»

«ልጇ። ለዚያ መሐንዲስ ስትድራት አይሆንም አልኩ። ምቀኛ አለችኝ፤ መካን ስለሆንሽ ነው አለችኝ።» ሴትየዋ ራዲዮኑን አሁን ዘጉት። «ልጅቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። እሱ ዛሬም ፎቁ ላይ ይኖራል፤ ጠረጴዛችን ላይ ይበላል። ነገ ደግሞ አዲሷን ልጅ ሊያጭ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሊሄድ ነው። እህቴም አብራ ልትሄድ ለብሳ የምትወጣውን ቀሚስ ትናንት አስተኩሳለች። ይህን ሳይ ከእኔና ከእሷ ማን እብድ እንደሆነ ጠፋኝ።»

«ጠዋት ከቤት መቼ ወጣ?»

«ሦስት ተኩል ላይ በሩን ሲያላጋው ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲጮኽ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ያ ስልክ ሲጮኽ ራዲዮዬም አያድነኝም።»

መሐንዲሱ ሳሎን ውስጥ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ነበር። ጫማው ተወልውሏል፤ ድምፁ የለሰለሰ ነው።

«ጊዜዎን አያባክኑ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሰባት ሰው ይመሰክራል። አማቴ በአራት ከአርባ አበባ ካዘዙ በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አብሯቸው ቤት የነበረው ማነው? ያቺን አሮጊት ይጠይቁ፤ እንደ እባብ ሲናደፉ የኖሩ ናቸው።»

«እርስዎ መቼ ተመለሱ?»

«ስድስት ተኩል። ሲደወልልኝ።»

«ተክሎቹ ያሉበት ክፍል ገብተዋል?»

«አማቴ ሞተው በር ላይ ቆሜ ልጠብቅ?»

መርማሪዋ ወጥታ ለስልክ ድርጅቱ ደወለች።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም ተክሎቹ ባሉበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል። ታናሽ እህትየዋ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻገሩ። ማንም ከማንም አጠገብ መቀመጥ ስላልፈለገ ወንበሮቹ በአራት ጥግ ቆሙ።

«በዚህ ቤት የሚዋደድ ሰው አላገኘሁም» አለች መርማሪዋ። «ጥላቻን ተከትዬ ብሄድ አራታችሁንም ማሰር ነበረብኝ። ስለዚህ ተክሎቹን ጠየቅኳቸው።

«ሟቿ ሲያጠጡ የወደቁ መስለው ነበር። ያደረው ውሃ ግን ሙሉ ነው፤ ቁልቋሉ በማይጠጣበት ወር ጠጥቷል፤ ቫዮሌቷ ቅጠሏ ላይ ታጥባለች። ስለዚህ ያጠጡት እሳቸው አይደሉም፤ የሞቱት ገና ማጠጫውን ሳይነኩ ነው። ውሃ ከቧንቧ ቀድቶ ያዳረሰው ገዳዩ ነው። አበባ ሻጩ ይህን አያደርግም፤ ሠራተኛዋም አታደርግም። የስምንት ዓመት ቁጣ እጅን ያስተምራል። እዚህ ላይ ሁለት ሰው ይቀራል።»

«አንዷ ቤት ነበሩ፤ ሌላው ስብሰባ ላይ» አለ መሐንዲሱ። «ሰዓቱን ረሱት።»

«ወደ ሰዓቱ እየመጣሁ ነው። የተቆረጠ አበባ ሬሳ ነው የሚሉ ሴት፣ ሦስት ዓመት ከተኳረፉት ሻጭ ጽጌረዳ አያዙም። መልእክቱን የላከው ሌላ ሰው ነው። ለምን? በአራት ከአርባ በሕይወት ነበሩ እንድንል። ይህ ሰዓት የሚጠቅመው ማንን ነው? እህታቸውን አይደለም። እሳቸውን ብቻቸውን ከሬሳው ጋር ያስቀምጣቸዋል። ሰው ለራሱ ገመድ አይገምድም።»

ታናሽ እህትየዋ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ደግሞም አበባ ሻጩ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሆኖ ሦስቴ ደውሏል። ስልኩ ይጠራል፤ ከቤቱ ግን ድምፅ አልወጣም። ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ስደውል መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ እዚህ ቤት አልነበረም። ድምፁ ጠፍቶ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ያ ሰው ከስድስት እስከ ሰባት ባለው ጊዜ አምጥቶ አስቀመጠው፤ ድምፁንም መልሶ ከፈተው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ከእኛ ሰዎች ሌላ ከውጭ የገቡት ሦስት ናቸው፤ አበባ ሻጩ፣ ሠራተኛዋና እርስዎ። ሁለቱን ቫዮሌቷ ነፃ አውጥታቸዋለች።»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «በቅጠል ሰው ይከሰሳል?»

«ቅጠሉ መንገዱን አሳየኝ። የስልክ ድርጅቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መልስ ሰጠኝ። መልእክቱ የተላከው ከመሥሪያ ቤትዎ አጠገብ ካለው የስልክ ማማ ሥር ነው፤ ከዚህ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ። ሰባቱንም ምስክሮችዎን አናግሬያለሁ። እርስዎ አራት ተኩል አልፎ እጅ ለመታጠብ ወጥተው እንደነበር ነግረውኛል።»

ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ ግን ደረቀ።

«ምክንያት አለኝ እንዴ? በሴትየዋ ቤት ነው የኖርኩት።»

መርማሪዋ ለሠራተኛዋ ራሷን ነቀነቀችላት። ሠራተኛዋ ከጉያዋ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አወጣች።

«የልጃቸው ስልክ ነው» አለች ወለሉን እያየች። «ባለፈው ሳምንት አስጠግኝልኝ አሉኝ። ሐሙስ ዕለት ካነበቡት በኋላ እህል አልቀመሱም። ሳጥንሽ ውስጥ ደብቂው፣ እሁድ አዲሷ እጮኛው ቤት ይዤው እሄዳለሁ አሉኝ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

መርማሪዋ ልጅቷ በሞተችበት ቀን የተጻፈውን አነበበች። «‹መተንፈስ አቃተኝ። ድረስልኝ።› ከሁለት ደቂቃ በኋላ የእርስዎ መልስ፦ ‹ስብሰባ ላይ ነኝ። አታካብጂ።› ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ደውላለች። ለቤተሰቡ ግን ያን ቀን ስልኬ ተዘግቶ ነበር ብለው ነው የማሉት።»

«ሁልጊዜ አመመኝ ትል ነበር» አለ መሐንዲሱ። ድምፁ ልስላሴውን ጥሏል። «ሁልጊዜ። ያን ቀን እውነት መሆኑን በምን ልወቅ? እናትየዋ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎ ነገሩን ቆፍራ አወጣች። ተዪው ብዬ ለመንኳት፤ ዛሬ ጠዋት ተንበርክኬ ለመንኳት። ‹ነገ በሙሽራዋ ፊት አነበዋለሁ› አለችኝ። ልገድላት ብዬ አይደለም፤ ክንዷን ነው የያዝኩት።»

«ከዚያ ግን ሠላሳ አንድ ሸክላ አጠጡ» አለች መርማሪዋ።

ታናሽ እህትየዋ ከወንበራቸው ተነስተው ፊቱ ቆሙ። ይመቱታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ፖሊሱም ተጠጋ። ሴትየዋ ግን አልሰደቡትም፤ አልተፉበትም። ወደ ሠራተኛዋ ዞረው ስልኩን ከእጇ ተቀበሉና የእህታቸው ልጅ የጻፈችውን ደጋግመው አነበቡ። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም።

በማግስቱ እሁድ ረፋድ ላይ መርማሪዋ የሙሽራዪቱን ደጅ አንኳኳች። በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ማታ ዘመዶቹ ደውለው ነግረውናል» አለች ከበሩ ሳትንቀሳቀስ። «ሐሰት ነው። እናንተ ሰው ከማሰር ሌላ ሥራ የላችሁም። ሂጂ ከዚህ።»

«እሄዳለሁ። የሞቱት አማቱ ዛሬ ሊያነቡልሽ የነበረውን አሳይቼሽ ብቻ።»

የመልእክቱን ቅጂ ሰጠቻት። ልጅቷ ቆማ አነበበች። ከዚያ በሩን ለቀቀችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ጥሎኝ ነበር» አለች። «እኩለ ቀን ላይ ደወልኩለት። ሐኪም ቤት ውሰደኝ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

ልጅቷ ወረቀቱን አጠፈችና መለሰችላት።

«አታካብጂ አለኝ።»