አንዲት እንቡጥ ቀርታ ነበር

ውሸታም በሉኝ፤ ስድብ ለምጃለሁ። ይህን ግን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

ባለፈው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ በተኛበት ክፍል ውስጥ...

ጋሼ ሠዓሊ ነው። እኔ ደግሞ የቤት ቀለም ቀቢ።

"አንተ ግድግዳህን ቅባ! ሥዕል ምን ይገባሃል?" እያለ በሰው ፊት ሲያስቅብኝ ኖሯል።

አሁን አልጋ ይዞታል። ደስ እንዲለው ብላ ሚስቱ የድሮ ሥዕሉን ከእግርጌው አሰቀለችኝ።

"አደራ ወንድምዓለም፣ መድኃኒት ገዝቼ እስክመለስ ዓይንህን ከሱ እንዳትነቅል" ብላ ወጣች።

ሥዕሉ አበባ ነው። የመስታወት ማስቀመጫ፣ ከግማሽ በታች ውሃ፣ ሦስት አበቦች፣ ሁሉም ገና እንቡጥ።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ያምራል... ብርሃኑ በየት በኩል እንደገባ እንኳ ታየኝ። ለእኔ፣ ለደንቆሮው!

"ውሃ..." አለ ጋሼ።

አጠጣሁት።

"ውሃ..."

ደገምኩለት። ከንፈሩ ግን እንደደረቀ ነው።

ቀና ስል... ሥዕሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ብሏል።

ሁለት እንቡጦች ተከፍተዋል።

በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ ደረቅ ነው። የቆየ።

ወደ መስኮቱ ዞር ስል ጋሼ ትንፋሹ ይመለሳል። አበባውን ሳይ... ጉንጩ ይሰረጉዳል።

ገባኝ።

"አዙረው..." አለ በሹክሹክታ። "ወደ ግድግዳው... አትየው።"

"ሥዕል ምን ይገባሃል አላልከኝም?"

"ይገባሃል... ወንድሜ፣ ይገባሃል። አዙረው።"

ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ቃል! በአንድ እጄ ላዞረው እችል ነበር።

ግን አንዲት እንቡጥ ቀርታለች።

እሷን ብቻ ልይ አልኩ። አንዲት አፍታ...

ተከፈተች። ስታምር!

ከኋላዬ ትንፋሽ አልተሰማኝም።

ሚስቱ መድኃኒቱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"አልጠራህም?" አለችኝ።

"አልጠራኝም" አልኳት።

ቀብረነው ስንመለስ ብቻዬን ገብቼ ሥዕሉን አወረድኩት። አሁን ምን ዋጋ አለው? ግን ገለበጥኩት።

ሸራው ከጀርባው አብጧል...

አምስት ጣት። ከውስጥ ወደ እኔ የሚገፋ።

እያየሁት አንዱ ጣት እንደሚጠራኝ ቀስ ብሎ ታጠፈ።