ከዋንጫው በኋላ የሚነበበው ግጥም

የአለቃ ዘገዬ ሬሳ እንደ ቀስት ተወጥሮ ነበር። ቀና አድርገው ሊያጋድሟቸው የሞከሩት ሰዎች ሲያቅታቸው ጋቢ ጣል አድርገውባቸው ራቅ ብለው ቆመዋል። ባሻ ገርባ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑ። ባቡሩ አዳማ ከገባ ወዲህ የከተማው ጥበቃ ሹም ሆነው ያላዩት አሟሟት የለም፤ በጩቤ የሞተ አይተዋል፣ በሐዲድ የሞተ አይተዋል፣ በወባ የሞተውንማ ማን ይቆጥረዋል። የሚያማቸውን ጉልበት እያሹ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ዋቃ! እሑድ እንኳ አታሳርፉኝም?» አሉ።

አለቃ የሞቱት በማኅበር ላይ ነው። የአዳማ የጽሕፈት ማኅበር የሚባለው አራት ሰው ነበር፤ ወሬው ግን የአርባ ነው። ሰብሳቢው ዓይናቸው ከጠፋ የቆየው የቅኔ መምህር ሟቹ አለቃ ዘገዬ ነበሩ። ቤታቸውን ለማኅበሩ የሰጡት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ተረትና ምሳሌ ይሰበስባሉ። የወሎው ነጋዴ መሐመድዘይን የሲራራ ነጋዴዎችን ታሪክ ይጽፋል። አራተኛው የባቡር ጣቢያው የስልክ ጸሐፊ ወጣቱ ገብረወልድ ነው።

በዓመት አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ጥቂት ጎረቤት ጠርተው ተሰብስበው የዓመቱን ፍሬያቸውን ያከብራሉ። ወጉም የታወቀ ነው፤ የሚከበረው ሰው መጀመሪያ በዋንጫ ጠጅ ይጠጣል፣ ጽሑፉ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው። ከዋንጫው በፊት አንዲት ስንኝ ማሰማት ነውር ነው። የዘንድሮው ባለ ተራ ገብረወልድ ነበር፤ ግጥሙ ከአዲስ አበባ በሚመጣው ጋዜጣ ታትሞለታል። ለእሱ የተቀዳው ጠጅ ግን አለቃን ገደለ።

ባሻ ሲደርሱ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። መሐመድዘይን በወጉ መሠረት ከሟቹ የእህት ልጅ ጋር ቁራኛ ታስሯል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት፣ እጅ ለእጅ።

«የቀንድ ዋንጫውን በስጦታ ያመጣው እሱ!» አለ የእህት ልጁ ሰንሰለቱን እየጎተተ። «የጅብ መርዝ የሚሸጠው እሱ! ጠጁን ያልቀመሰውም እሱ!»

«ያልቀመሰው እስላም ስለሆነ ነው» አሉ ባሻ።

«ይሁን! ነገ አውጫጭኝ ተቀምጠን እሱ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ለእኛ ለደመኞቹ ነው።»

 የመሐመድዘይን ሚስት በድሪያ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ልቅሶዋ ይሰማዋል፣ ዘወር ብሎ ሊያያት ግን ሰንሰለቱ አልፈቀደለትም።

ባሻ ወይዘሮ ሸዋወርቅን ወደ ጓሮ ጠሯቸው።

«ዋንጫውን ማን አጠበው?»

«እኔው ነኝ፤ በሁሉም ፊት። እጥበቱንም እዚያ ደፋሁት።»

ባሻ ወደ ረጠበው አፈር ተመለከቱ። ዶሮዎች ይጭሩበታል።

«ዶሮዎቹ ጠጡት?»

«ተሻምተው ነዋ! ከዚያ ቀዳሁ፤ እንደ ወጉ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ለገብረወልድ ሰጠሁት። እሱም ከሰው ዓይን ሊሸሸግ ኩታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ተሸፈነ። እኛም ፊታችንን መለስን፤ ሲጠጣ እያዩት ማን ያፈጥበታል? ጥቂት ቆየና ኩታውን ገለጠ። ‹አባቴ ተቀምጠው እኔ ልቅደም? በሞቴ ይጠጡልኝ› ብሎ ተነሥቶ ለአለቃ አቀረበላቸው። እንቢ ቢሉት፣ ‹አፈር ስሆን፣ በሞቴ› እያለ አስጨነቃቸው።»

«ዱሮም እንዲህ ያከብራቸው ነበር?»

«ማን፣ ገብረወልድ? ሲገቡ እንኳ ከመቀመጫው ተነሥቶላቸው አያውቅም። እኔማ ዛሬ ልብ ገዛ ብዬ ደስ አለኝ።» እንባቸው መጣ። «ጠጥተው ሲያበቁ ‹ሸዋወርቅ፣ ጌሾ አበዛሽ› አሉኝ። ሰው ጠጄን እያማ ይሙት?»

«አብዝተው ነበር?»

«ኧረ በሞ...» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በሞቴ» የሚለው ቃል አስፈራቸው። «ከመሐመድዘይን በቀር ከዚያው እንስራ ሁላችንም ጠጣን። የመረረው የለም።»

«ግጥሙስ ተነበበ?»

«የት ተነበበ! ገብረወልድ ምስጋና ጀመረና አልጨርስ አለ። ጣቢያውን አመሰገነ፣ ዝናቡን አመሰገነ፣ የአባቱን በቅሎ ሳይቀር አመሰገነ። ምስጋናው ሳያልቅ አለቃ ወደቁ።»

ባሻ እያነከሱ ወደ ጣቢያው ወረዱ። ፀሐዩ ገና አልበረደም፤ አቧራው እንደተለመደው ከጣቢያው የቆዳ መጋዘን ሽታ ጋር አፍንጫ ይሞላል። ገብረወልድን ከስልክ ቤቱ በራፍ ላይ አገኙት። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«በእኔ ፈንታ ነው የሞቱት ባሻ» አለ። «ሞቱ ለእኔ የተደገሰ ነበር። መሐመድዘይን ግጥሜ ስለታተመ ቀንቶብኝ ነው።»

«እሱ ራሱ አይደለም እንዴ ጋዜጣውን አስመጥቶ ግጥምህ ይከበር ያለው?»

«ፊት ለፊትማ እንዲያ ነው።» ከዚያ እጁን ወደ ምሥራቅ ዘረጋ። «ይቅርታ ባሻ፣ ባቡር መጣ። ጢሱ ያውና፣ ከወለንጪቲ ወዲህ ነው።»

ባሻ ዓይናቸውን ቢያጠብቡም ከሜዳውና ከግራሩ በቀር ያዩት ነገር የለም። «መልካም ዓይን ሰጥቶሃል» አሉት። ወደ ውስጥ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ ከስልኩ በላይ ካለው መደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አዩ። «ያ ምንድን ነው?»

«የጅብ መርዝ። የቆዳውን መጋዘን ጅብ አላስቀምጥ ቢል መሐመድዘይን ነው ያመጣልን። የሚሸጠው እሱ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ባሻ።

ከጣቢያው ወደ ለቅሶ ቤት ሄዱ። የአለቃ ሚስት ወይዘሮ ተሻለች ከሰል ያልተለኮሰበት ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ያንጎራጉራሉ። ፊደል የማይለዩ፣ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ባላቸውን ከበራፍ አድርሰው የሚመለሱ ሴት ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ግቡ» ያላቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ቅር ብሏቸው አያውቅም።

«ምን ይላሉ ወይዘሮ ተሻለች?»

«ሙሾ እንኳ አይደለም ጌታው። እሱ ሲነጋጋ፣ እኔ የተኛሁ መስሎት፣ ለራሱ የሚያጉተመትማት ናት።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሰሟቸው፤ «ጆሮ ብቻ ቀርቶኝ፣ ቀድሞኝ ሄዶ ዓይኔ...»

«ቅኔያቸውን የሚጽፍላቸው ማን ነበር?»

«ያ የጣቢያው ልጅ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ ልጁ ይጽፋል። ለሌላ ሰውማ አያሰማም፤ ሳይበስል አይቀመስም ይላል።»

ባሻ አዘኑ። ያዘኑት ለሟቹ ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ ሲገባቸው ሁልጊዜ እንዲህ ድካም ይጭናቸዋል። ወጥተው መሐመድዘይን ወደታሰረበት ሄዱ።

«ጋዜጣውን ለአለቃ ያነበበላቸው ሰው አለ?»

«ወላሂ ማንም የለም ባሻ። ከዋንጫው በፊት ነውር ነው። ያየነው እኔና ወይዘሮ ሸዋወርቅ ብቻ ነን፤ አለቃ እንዲደሰቱበት ተደብቆ ቆየ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። እስቲ አንብብልኝ።»

መሐመድዘይን ጋዜጣውን አስመጥቶ በታሰረ እጁ ይዞ አነበበ። ባሻ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት።

«ድገመው» አሉት። ደገመላቸው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ጥፋተኛው ሳይገኝ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ ሥራ ፈቶ፣ ፀሐይ እየመታው፣ አንዱ ሌላውን በጎሪጥ እያየ ይውላል። ገብረወልድ ከፊት ተቀምጧል። መሐመድዘይንና የእህት ልጁ ከሰንሰለታቸው ጋር መሐል ላይ ናቸው፤ በድሪያ ከሴቶቹ ወገን ሆና ዓይኗን ከባሏ አልነቀለችም። ወይዘሮ ተሻለችን ባሻ ራሳቸው እጃቸውን ይዘው አምጥተው አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ሁላችሁም ደክሟችኋል፤ እኔም ደክሞኛል፤ ስለዚህ አላስረዝምም» አሉ ባሻ። «መርዙ ዋንጫው ላይ ተቀብቶ መጣ አላችሁ። ዋንጫው ታጥቧል፤ እጥበቱን የጠጡት ዶሮዎች ዛሬም ይጭራሉ። ጠጁ ውስጥ ነበር እንዳትሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቀምሰዋል፣ የነበራችሁትም ጠጥታችኋል። እንግዲህ መርዙ የገባው ጠጁ ከተቀዳ በኋላ፣ አለቃ አፋቸው ላይ ከማድረሳቸው በፊት ነው። በዚያ መሐል ዋንጫው በማን እጅ ነበር?»

ሕዝቡ ወደ ገብረወልድ ዞረ።

«እኔን ሊገድሉኝ ነው እንጂ...» አለ ገብረወልድ።

«ቆይ። ኩታህን ተሸፍነህ ቆየህ፤ የነበሩትም ነውር ነው ብለው ዓይናቸውን መለሱ። ስትገለጥ ግን አልጠጣህም። ለሰው የሚያቀብል ይቀምሳል፤ የቀዱት ቀምሰዋል፤ አንተ ሳትቀምስ ሰጠህ። ተነሥተህላቸው የማታውቃቸውን ሰው በዚያች ቀን ብቻ በሞቴ እያልክ አጠጣህ። ከዚያ ምስጋና ጀመርክ። ማንም አልጠየቀህ፣ እስከ በቅሎዋ ድረስ አመሰገንክ። መርዙ እስኪይዝ ነበር። ግጥሙ እሳቸው ጆሮ ከመግባቱ በፊት መሞት ነበረባቸው።»

«ግጥሜን ቢሰሙ ምን ይሆናል?» አለ ገብረወልድ። 

«እሱን ግጥሙ ይንገረን። መሐመድዘይን፣ አንብብ።»

መሐመድዘይን ተነሣ። ቁራኛው ስለሆነ የእህት ልጁም አብሮት ተነሣ። ማንበብ ጀመረ፤

«ባቡር መጣ አሉኝ፣ ጢሱን ሳላይ እኔ፤
ጆሮ ብቻ ቀርቶኝ፣ ቀድሞኝ ሄዶ ዓይኔ።
መንገደኛው ሁሉ፣ ወርዶ ቤቱ ሲሄድ፣...»

ባሻ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።  ወይዘሮ ተሻለች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ጎጆአቸው ውስጥ ያሉ ያህል ቀስ ብለው ጨረሱት፤

«እጄን ያዢው እንጂ፣ እኔ አላውቅም መንገድ።»

መሐመድዘይን ወደ ጋዜጣው አየ። «ቃል በቃል» አለ። «ወላሂ ቃል በቃል ነው።»

«እኚህ ሴት ፊደል አያውቁም፤ ጋዜጣውንም ያነበበላቸው የለም» አሉ ባሻ። «አንተ የባቡሩን ጢስ ከወለንጪቲ ታያለህ ገብረወልድ። ቀድሞኝ ሄዶ ዓይኔ የሚለው አንተ ነህ? ከአለቃና ከአንተ በቀር ግጥሙን የሚያውቅ የለም ብለህ አስበህ ነበር። ሚስታቸውን ከሰው አልቆጠርካቸውም።»

ገብረወልድ ሊነሣ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። ሲናገር ለባሻ ሳይሆን ለወይዘሮ ተሻለች ነበር።

«ስሜን አንዴ ታትሞ ላየው ነበር የፈለግኩት። አዳማ ይደርሳል፣ ሰዎቹ ያከብሩኛል ብዬ አላሰብኩም። ካከበሩኝ በኋላ ግን... ማፈሩን አልቻልኩትም።»

 የእህት ልጁ ተንደርድሮ ሊይዘው ሲል ሰንሰለቱ ያዘው፤ መሐመድዘይንን ጎትቶ አብረው ወደቁ። ባሻ ቁልፉን አውጥተው ፈቷቸው። ገብረወልድን ዘበኞች ወሰዱት፤ የእህት ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። በድሪያ ሕዝቡን ጥሳ መጥታ የባሏን የተላጠ አንጓ በነጠላዋ ጠቀለለች።

ሕዝቡ እየተነሣ መበተን ጀመረ። ሥራው የሚጠብቀው ብዙ ነው። ወይዘሮ ተሻለች ግን ጋዜጣውን አንሥተው አገላበጡት።

«የባሌ ስም የቱ ጋ ነው ልጄ?»

መሐመድዘይን ወደ ባሻ አየ። ባሻ ራሳቸውን ወደ ሜዳው አዙረዋል።

«የለም እናቴ» አለ። «የተጻፈው የገብረወልድ ስም ነው።»

«እንግዲያ ሰርዘህ የሱን ጻፍልኝ።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ብዕርና ቀለም ከቤታቸው አመጡ። መሐመድዘይን የታተመውን ስም ሰረዘው። «አለቃ» ብሎ ሊጀምር ሲል ግን ሌሊቱን ሙሉ የታሰረው እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ብዕሩ አልቆምለት አለ። ወይዘሮ ተሻለች ወደ እሱ ቀረብ ብለው እጁን ያዙት፣ አስተካክለውም ያዙት። አንድም ፊደል ሳያውቁ፣ እስኪጽፍ ድረስ አልለቀቁትም።