የወጥ ቤቱ ሻንጣ

«ድስቱስ?» አለች ሰሃር።

በባሕር ዳርቻዋ ከተማ ራስ ኤል ባር በተከራዩት ቤት ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ከመኪናው የወጣውን ጓዝ አንድ በአንድ እየፈታች ነበር። የአልጋ ልብሱ አለ። ፎጣው አለ። በጋዜጣና በብርድ ልብስ ተጀቡኖ ከቤታቸው ከማሐላ ከተማ ድረስ በረዶው ሳይሟሟ የደረሰው ዶሮ፣ ሩዝ የተጠቀለለበት ጎመን፣ የተቀመመው ሥጋ ሁሉም አለ። የሌለው ትልቁ ድስት፣ መጥበሻው፣ ቢላዋው፣ ጭልፋውና ቅመሙ የታጨቀበት ባለሰማያዊ መስመር ሻንጣ ነው።

ልጇ ሩቀያ የበረንዳው በር ላይ ቆማ ነጠላ ጫማዋን የምትፈልግ መሰለች። ሻንጣው የት እንዳለ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ማሐላ፣ የራሷ አልጋ ሥር፣ የክረምት ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። ማለዳ አባቷ ፍራሹን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ፣ እሷ በእግሯ እየገፋች አስገባችው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ጨዋ ልጅ» ስትባል የኖረች ልጅ፣ እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ዞር ብላ እንኳን አላየችም።

«የምን ድስት?» አለ አባቷ ረአፋት፣ የመጨረሻውን ዕቃ ደጃፉ ላይ እያሳረፈ።

«የምን ድስት ይለኛል እንዴ! የወጥ ቤቱ ሻንጣ የታለ?»

«ጠዋት ከቤት አውርጄዋለሁ።»

«ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

«ወላሂ በእጄ ነው ያወረድኩት ሰሃር! በዚህ በቀኝ እጄ!»

እጁን ዘርግቶ አሳያት። ከዚያ ወደ መኪናው ወረደ። ተመለሰ። እንደገና ወረደና የኋላ ወንበሩን ሳይቀር ገልብጦ አየ። ሩቀያ ከበረንዳው ሆና አየችው፤ ያልፋል ብላ ነጠላ ጫማዋን መፈለጓን ቀጠለች።

ረአፋት ዕቃ በመጫን የሚኮራ ሰው ነበር። የሠፈሩ ሰው ለዕረፍት ሲነሳ «ረአፋትን ጥሩት» ይባላል። ከባዱ ከታች፤ መጀመሪያ የሚፈለገው መጨረሻ ይገባል፤ የልጆቹ የዋና ልብስ ለብቻው ከላይ ይሆናል፣ ጓዙ ሳይፈታ ውሃ እንዲገቡ። ነጠላ ጫማና የጨው ብልቃጥ ድስት ውስጥ ይገባሉ። «ባዶ ድስት የሚጭን ሰው አየር ነው የሚያጓጉዘው» ይላል። በየዓመቱ መርፌ እንኳን ረስቶ እንደማያውቅ ሳይናገር መንገዱ አያልቅም።

«አባዬ ረሳው! አባዬ ረሳው!» እያለ ዘለለ ስምንት ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድሟ ዚያድ።

«ዝም በል አንተ! ሙድ የምትይዝበት ነገር ጠፋ?» አለችው ሩቀያ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ።

ረአፋት ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ነገ ዱምያጥ ከተማ ሄደን ድስት እንገዛለን» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ውጪ እንብላ።»

ሩቀያ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ባለፈው ዓመት ከዚሁ ከተማ በተመለሱ ማግስት፣ ጎረቤታቸው ሰሃርን «ባሕሩ እንዴት ነበር?» ብላ ስትጠይቃት ሰምታለች። እናቷ እየሳቀች «ባሕሩን? እኔ ባሕሩን የማውቀው ከልጆቼ ፎጣ ላይ በማራግፈው አሸዋ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብስ፣ ስትቀቅል፣ ስታጥብ ሰነበተች። ጎረቤቷ በሳቅ ፈረሰች፤ ሩቀያን ግን ነገሩ አንጀቷን በላት። ያንን ዓረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ ይዛው ኖረች።

በዚህ ላይ እናቷ ሰው ያበሰለውን አትወድም፤ «ውጪ እንብላ» ብትባል እሺ አትልም። ስለዚህ ድስቱ ይጥፋ! ሩቀያ ያሰበችው እዚህ ድረስ ነበር። ድስቱ ሲጠፋ ማን ይጠየቃል የሚለው ጨርሶ አልመጣላትም።

አመሻሹ ላይ ናይል ዳር ካሉት ዓሣ ጠባሾች ወደ አንዱ ሄዱ። በረዶ ላይ ከተደረደረው ዓሣ መርጠህ ታስመዝናለህ፣ እነሱ ይጠብሱልሃል። ሰሃር ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በጣቷ የዓሣውን ጉንጭ ከፍታ እያየች አንዱን ስታነሳ ሌላውን ስትጥል ሻጩን አስጨነቀችው።

«ይሄ ትናንት የሞተ ነው።»

«የኔ እመቤት፣ ዛሬ ጠዋት ነው ከውሃ ያወጣነው!»

«ጠዋት ወጣ አልከኝ እንጂ መቼ ሞተ አልከኝ?»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻጩም እጁን ሰጠና ከሥር የደበቃቸውን ደህና ደህናዎቹን አወጣላት።

ጠረጴዛው ላይ ዓሣው እየተንጣጣ ቀረበ፤ ቡናማ ሩዝ፣ ሰላጣ፣ የሰሊጥ ጠሒና፣ ትኩስ ቂጣም ተከተሉት። ሰሃር ዛሬ ወሬዋ ብዙ ነው። ከሙኑ በዝቷል አለች፤ ሩዙ ግን ይመሰገናል አለች። ዚያድ ሎሚ ዓይኑ ውስጥ ሲፈናጠቅበት እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ሩቀያ እናቷ እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳየቻት ማስታወስ አቃታት። ተሳክቶልኛል አለች በልቧ፤ ደስታው እስከ ጆሮዋ ሞቃት።

አባቷን ያየችው በኋላ ነው። ረአፋት ቂጣ ቆርሶ ይዟል፤ አይበላም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሩቀያ ጠጋ ብላ ሰማችው። የቤታቸውን ስልክ ቁጥር፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የእህቶቹን ልጆች ስም በተራ እየቆጠረ ነበር። አንዱ ስም ላይ ደርሶ ቆመና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«አባዬ፣ አትበላም?»

«እበላለሁ፣ እበላለሁ» አለ፤ አልበላም። ሰሃር ከራሷ ሰሃን ትልቁን ቁራጭ አንስታ ፊቱ አኖረችለት። ቁራጩ እዚያው ቀዘቀዘ። ሲነሱ የተረፈውን በወረቀት አስጠቀለለች።

ከዚያ በእግራቸው ወደ ባሕሩ ተሻገሩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አዘቅዝቃለች፤ ዳርቻው በጃንጥላና በሰው ተሞልቷል። ወንበር ተከራዩ። ሰሃር ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰበሰበች፣ ዚያድን በሌላው ያዘችና ወደ ውሃው ገባች። እስከ ጉልበቷ ሲደርስ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ሩቅ ሩቁን ታያለች።

«ሩቀያ፣ ነይ እስቲ እዚህ ቁጭ በይ» አለ ረአፋት።

ተቀመጠች።

«ጠዋት ሻንጣውን ሳወርድ አይተሽኛል?»

«አላየሁም።»

«እኔ ግን ትዝ ይለኛል። እጀታው መዳፌን ሲቆርጠኝ ሁሉ ትዝ ይለኛል። የአልጋ ልብሱን ሻንጣ ይዤ ይሆን? እንጃ። መርሳትማ ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ይረሳል። ያላደረግኩትን ነው እንዳደረግኩት የማስታውሰው። ገባሽ?»

ሩቀያ አንገቷን ነቀነቀች።

«አያትሽንም እንዲህ ነው የጀመራቸው። መጀመሪያ የሱቁ ቁልፍ ጠፋቸው። ‹እዚህ ነው ያስቀመጥኩት› እያሉ ይምሉ ነበር። መጨረሻ ላይ እኔን፣ የገዛ ልጃቸውን፣ ‹አንተ የማን ልጅ ነህ?› አሉኝ።» ወደ ሰሃር አየ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ስትስቅ አላየሻትም? አታበላሺባት። ስንመለስ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። መኪናውን ደግሞ አጎትሽ መጥቶ ይነዳልናል። እናንተን ጭኜ መሐል መንገድ ላይ የሆነ ነገር ብረሳስ?»

እጁን ኪሱ ከተተና የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«አንቺ ያዢልኝ» አለ። «እኔ ጋ ሆኖ እንዳይጠፋ።»

ሩቀያ ክው አለች። አባቷ ያንን ቁልፍ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ስለቆየ ሞቅ ብሏል። ለእናቷ አንድ ምሽት ብላ ያደረገችው ነገር፣ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው በቁሙ ሲበላው አየችው፤ እንባዋ መጣ።

«አባዬ፣ አልረሳህም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ሻንጣውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። አልጋዬ ሥር ነው። አንተ አላወረድከውም፣ አልረሳኸውምም። ፍራሹን ስታወርድ ነው የደበቅኩት።»

«አልጋሽ ሥር?»

«አልጋዬ ሥር።»

ረአፋት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቅ ያልቅስ ሩቀያ መለየት አልቻለችም። ከዚያ እጁን ሲያነሳ ዓይኑ ረጥቧል።

«አንቺ ልጅ! ገድለሽኝ ነበር እኮ! ለምን?»

ጎረቤታቸው የጠየቀችውን፣ እናቷም የመለሰችውን ነገረችው። ረአፋት ወደ ውሃው አየ።

«እንዲህ አለች?»

«እንዲህ አለች።»

«እኔ ደግሞ በየዓመቱ ድስቱን ስጭንላት የጠቀምኳት ይመስለኛል።» ወዲያው ግን ንዴቱ መጣ። «ቢሆንስ? እሷን ለማሳረፍ እኔን ማሳበድ ነበረብሽ?»

«አንተ ላይ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም!»

«አላሰብሽም» አለ። ዙሪያውን ቃኘና «ያ ዓሣ የታለ?» አለ።

ወረቀቱን አቀበለችው። የቀዘቀዘውን ዓሣ በጣቱ እየፈለፈለ እንደ ተራበ ሰው መብላት ጀመረ፤ አፉ ሙሉ እንደሆነ ተናገረ።

«ስሚኝ። ይሄ ነገር እኔና አንቺ ጋ ይቅር። እኔ ረሳሁት እላለሁ፣ አንድ ስድብ ብችል ምን እሆናለሁ? ነገ ድስት ፍለጋው አይሳካም። ሳምንቱን በፉልም በዓሣም እንገፋዋለን። እሷም ትረፍ።»

ሩቀያ ዓመቱን ሙሉ ያለመችው ነገር በገዛ አባቷ አፍ ቀረበላት። ስድቡን እሱ ይቀበልላታል፤ እናቷ ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ዳር ትውላለች። «እሺ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። እናቷን አየቻት። ሰሃር እስካሁን አልዞረችም። ዚያድ አጠገቧ በማዕበሉ ላይ እየዘለለ ይጮሃል፤ እሷ ግን ወደ እሱም አታይም።

ቁልፉን አባቷ ጭን ላይ መልሳ አስቀመጠችና ተነሳች።

«ወዴት ነሽ?»

«እማዬ ጋ።»

«ሩቀያ! አትናገሪ አልኩሽ እኮ!»

ወደ ባሕሩ አመራች። ውሃው ቀዝቀዝ ብሏል። ሱሪዋን ሳትሰበስብ ገብታ ከእናቷ ጎን ቆመች።

«እማዬ፣ አባዬ ሻንጣውን አልረሳውም። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ቤት ነው ያለው።»

ሩቀያ ጥፊውን ጠበቀች።

«አባትሽ ያውቃል?» አለች ሰሃር።

«አሁን ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ዓሣውን እየበላ ነው።»

ሰሃር ያን ጊዜ ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ጉንጯም እርጥብ ነው። አሸዋው ላይ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሚበላውን ባሏን አየች፣ አየች፣ አልጠግብ አለች። የሩቀያን ክንድ ይዛ ተደገፈችባት።

«ሱብሃነላህ» አለች። «እኔ እኮ ያባቱ ነገር መጣ ብዬ ነበር። ሲቆጥር ሰማሁት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም።»

«ስትስቂ አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ ላልቅስበት? እዚህም የመጣሁት ፊቴን እንዳያይብኝ ነው።»

ሩቀያ ውሃው ቢውጣት ደስ ባላት። ያ ሁሉ ሳቅ፣ እሷ በልቧ የተኩራራችበት ሳቅ! እናቷ እጇን ሰዳ ጆሮዋን ቆነጠጠቻት፤ አልራራችላትም፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ።

«ይሄ ለአባትሽ ነው» አለች። «ምን ብለሽ ነው የደበቅሽው?»

«ባሕሩን እንድታዪው ብዬ።»

ሰሃር ጆሮዋን ለቀቀች። ማዕበል መጥቶ እስከ ጭናቸው አረጠባቸውና ተመለሰ። ዚያድ ከወዲያ «እማዬ እዪኝ! እዪኝ!» እያለ ጮኸ፤ አሁን አየችው፣ እጇንም አወዛወዘችለት።

«ነገ ድስት ከገዛን እኔ ነኝ የማበስለው» አለች ሩቀያ። «ሳምንቱን ሙሉ።»

«አንቺ? ጎመኑን ልታሳርሪው?»

«ላሳርረው።»

ሩቀያ ቁልቁል አየች፤ የእናቷ ቀሚስ አንዱ ጫፍ ከእጇ አምልጦ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል።

«ነይ እንውጣ እማዬ፣ ልብስሽ ራሰ።»

«ቆይ እስቲ» አለች ሰሃር፣ በእጇ የቀረውንም የቀሚሷን ጫፍ እየለቀቀች። «አሁን ገና መግባቴ ነው።»