የተነቀለው ማገጥ

የዳኘው አስከሬን በጣና ዳር፣ ከአለቱ ሥር ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ እግሩ ውኃ ውስጥ ነበር። ያገኘችው ለለቅሶ ከሄደችበት ከዱርቤቴ በማለዳ የተመለሰችው ሚስቱ ውዴ ናት። መጀመሪያ የጠራችው ጌትነትን ነበር፤ የባሏን የልብ ጓደኛ፣ የልጃቸውን የክርስትና አባት። እሱም ደግፎ አስቀመጣትና አብሯት አለቀሰ።

ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ሁሉም አዳልጦት ወድቋል አሏት። እሷ ግን ከአለቱ ይልቅ አጠገቡ ያለውን አትክልት ዞራ አየች። ሁለቱ ጓደኛሞች የአገሩን የዱር አበባ የሚያበቅሉበት ቦታ ነው። ወሩ መስከረም ስለሆነ መሬቱን የሸፈነው ማገጥ ሐምራዊ አበባውን አውጥቷል። መሐል ላይ ግን የሰሌን ያህል ስፋት ያለው ጠውልጓል። የብርጓል ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ደም የጠጣ አፈር አገኘች።

«ባለቤትዎ ማገጥ ካበበ በኋላ ነቅለው ይተክላሉ?» አለቻት ውዴን።

«በጭራሽ። አብቦ ከተነቀለ አይጸድቅም ይል ነበር። ዘሩን ነው የሚበትነው።»

ጎረቤታቸው ነጋዴው ሰላሁዲን ተጠየቀ። ከሟቹ ጋር በወሰን መጣላቱን አልደበቀም፤ ውዴም በልቧ የጠረጠረችው እሱን ነበር። ጌትነት በበኩሉ ሳምንቱን ሙሉ ወደ አትክልቱ ድርሽ አላልሁም አለ።

ከሰዓት በኋላ የብርጓል ሦስቱንም ከማገጡ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ዳኘው የሞቱት እዚህ ነው» አለች። «ገዳዩ አስከሬኑን ወደ አለቱ ጎተተና ደሙን በማገጥ ሸፈነው። ማገጡን የነቀለው ከሰው ዓይን ከራቀው፣ በሽቦ ከታጠረው የችግኝ ቦታ ነው። ጉድጓዱን አይቻለሁ። አጥሩ አልተነካም፤ በሩም እንደተቆለፈ ነው። ወይዘሮ ውዴ፣ ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት ነው። የኛውን ሳላስበው በቦርሳዬ ዱርቤቴ ይዤው ሄድሁ። ሌላው...» ዞራ ጌትነትን አየችው።

ጌትነት ብዙ አልተከራከረም። የጋራ ቦታቸውን ለሎጅ ሠሪዎች ለማስተላለፍ በስውር ተስማምቶ ነበር። ዳኘው ደረሰበት፤ ተጨቃጨቁ፤ በአካፋ መታው።

«እጄ ቀደመኝ፣ ውዴ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ጠዋት ትከሻህ ላይ አለቀስሁ» አለችው። «ዝም ብለህ አስለቀስኸኝ።»

ሰላሁዲን ወንበር አምጥቶ አስቀመጣት። የፖሊሱ መኪና ገና ከግቢው ሳይወጣ ስልኳ ጠራ። ልጇ ዜማ ከጎንደር መንገድ ላይ ነበረች፤ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

«እማዬ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ። የክርስትና አባቴ አጠገብሽ ነው አይደል?»

ውዴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጌትነትን የጫነውን መኪና በዓይኗ ሸኘችው።

«ነይ ብቻ፣ ልጄ» አለቻት።