ከመኪናዋ ጋር የሚበላው

ልናገር ወይ? ተናገሪ በሉኛ! አፋችሁን ምን ያዘው? እሺ።

መብራቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ዛሬ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። አንተ ቢያድግ፣ ያንን የስልክ ባትሪ አጥፋው። አጥፋው አልኩ! የምነግራችሁ ነገር በብርሃን አይነገርም። የምትፈሪ ካለሽ ደግሞ ትርሲት፣ አንቺን ነው የምልሽ፣ ከአሁኑ ግቢና ተኚ። እምቢ? በኋላ አልሰማሁም እንዳትዪ።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨለማው ግን ገና አልጠነከረም። ከብቱ ገብቷል። መንገዱ ገደል አፋፍ ለአፋፍ የሚዞር የጠጠር መንገድ ነው። በዚህ ቋጥኝ፣ በዚያ ገደል። ቤት የለም። የውሻ ጩኸት እንኳ አይሰማም። በዚያ መንገድ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ብቻዋን ትመጣለች። ማን ነው የሚነዳት?

ደምለው ይባላል። ዱሮ ነው፣ እናንተ አልተወለዳችሁም። አገሩን አልጠራውም፤ ዘመዶቹ አሁንም አሉ። በመንደሩ መኪና ያለው እሱ ብቻ ነው። እህል ይጭናል፣ ሰው ይጭናል፣ የታመመ ይጭናል። በመንደሩ ማደያ የለ፣ ሐኪም የለ። ሁሉም ያለው ከገደሉ ወዲያ፣ ከተማ ነው።

ሚስቱ የሻረግ እርጉዝ ናት። ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን ስትወልድ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው፤ ልጁም አልተረፈላትም። ሐኪሙ "ሁለተኛ ቤት ውስጥ እንዳትወልጂ፤ ምጥ እንደጀመረሽ ወደዚህ" ብሏታል። ታዲያ ደምለው ምን ያደርጋል? ከከተማ በተመለሰ ቁጥር መኪናዋ ውስጥ ለዚያች ቀን የሚሆን ነዳጅ ያስቀራል። አይነካትም። ያቺ ነዳጅ የየሻረግ ነፍስ ናት። ገባችሁ? የሚስቱ ነፍስ ናት።

እና አንድ ሰሞን፣ መኪናዋ መብላት ጀመረች።

ሾፌር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ "ነዳጅ በላችብኝ" ይላል። ደርሶ መልስ ሄዳ የሚተርፋት መኪና፣ አሁን መንደር ሳትገባ የነዳጅ መለኪያዋ መርፌ ወለሉ ላይ ትተኛለች። ደምለው ከሥሯ ገብቶ አየ። የሚያንጠባጥብ የለም፣ መሬቱ ደረቅ ነው። ሌባ ነው አለ። የታንከሩን ክዳን ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ተኛ። ጠዋት ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ክዳኑ እንደተቆለፈ ነው። ነዳጁ ግን ጎድሏል።

ቆማ ያደረች መኪና ምን ትበላለች? እስቲ ንገሩኝ!

ከተማ ወሰዳት፣ ጋሽ ንጋቱ የሚባል መካኒክ ጋ። ጋሽ ንጋቱ ካንዴላውን ፈታ፣ ደህና ነው። የአየር ፊልትሮውን አወጣ፣ አራገፈ፣ ደህና ነው። ፍሬን ይዞባት ይሆናል ብሎ ጎማዎቹን አንስቶ አሽከረከራቸው፣ እንደ ልባቸው ዞሩ። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ አያት።

"ምን ጭነሃል?" አለው።

"ምንም።"

"ታዲያ የቀኙ ጎን ለምን ተኛ?"

እውነትም መኪናዋ አጋድላለች። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ከባድ ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ጋሽ ንጋቱ "እስቲ ንዳት፣ ልስማት" ብሎ በዚያው በቀኝ በኩል ገባ። መኪናዋ ገና ከጋራዡ በር ሳትወጣ በጩኸት ዘሎ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምነው ጋሼ?"

"አንተ ነህ 'ጠጋ በል' ያልከኝ?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"በጆሮዬ ነው ያለኝ! ጠጋ በል አለኝ፣ ትንፋሹ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው።" ጋሽ ንጋቱ አማተበ። "ልጄ፣ መኪናህ ምንም አልሆነችም። አብሯት የሚበላ አለ። ከማን ጋር ነው የበላኸው?"

ደምለው መጀመሪያ ሳቀ። ሲያስበው ግን ሳቁ ጠፋበት፤ ትዝ ያለውን ነገረው። አንድ ምሽት ሲመለስ ራዲያተሩ ፈልቶበት ገደሉ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ብሎ የሻረግ የቋጠረችለትን ዳቦ ፈታ። ሊጎርስ ሲል ጥላ አረፈበት። ሰው ከኋላው ቆሟል መሰለው። ቀና ብሎ ሳያይ ምን ይላል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "እንብላ" አለ።

"መለሰልህ?" አለ ጋሽ ንጋቱ።

"ዝም አለኝ። አፍሮ ነው ብዬ፣ 'ኧረ በሞቴ!' አልኩት። ቀና ስል ማንም የለም።"

ጋሽ ንጋቱ የያዘው የብሎን ቁልፍ ከእጁ ወደቀ።

"በሞቴ አልከው?"

"የአፍ ልማድ ነው እኮ ጋሼ! ማን የማይል አለ?"

"ለአንተ ልማድ ነው። ለእሱስ? አንተ ራስህ ለምነህ ያስገባኸውን እኔ በቁልፍ ፈትቼ አላወጣልህም። ቄስ ይዘህ ሂድ፣ ቦታውን ጸበል ያስረጩልህ። አሁን ግን ይቺን መኪና ከጋራዤ አውጣልኝ።"

ደምለው ቄሱን ለመነ፣ ቄሱም እሁድ እንሄዳለን አሉት። እሁድ! ምጥ እሁድን ይጠብቃል እንዴ? የሻረግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያዛት።

ወንድሟ አንለይ ለወሊዷ ብሎ መጥቶ እዚያው ነበር። እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ፍራሽ አንጥፈው ከኋላ ጭነቱ ላይ አስተኟት፤ አንለይ ከጎኗ ተቀምጦ ያዛት። ደምለው በታንከሩ ያለው ነዳጅ ላይ እምነት ስላጣ፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ተበድሮ ጫነ። ተነሱ። የሻረግ ታቃስታለች። መርፌዋ ትወርዳለች። እሷ ስታቃስት መርፌዋ ትወርዳለች። ፀሐይዋም እንደዚያው። ልክ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ተንገጫገጨችና ጠፋች።

ደምለው ወርዶ ጀሪካኑን ከፈተ። አንለይም ወርዶ አገዘው። ነዳጁን ወደ ታንከሩ ሲገለብጡት ድምፅ ሰሙ። የሚፈስ ነገር ድምፅ አይደለም። የጠማው ሰው ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው እንዴት ነው የሚለው? እሱን ነው የሰሙት። ይውጣል። ትንፋሹን ይስባል። ይውጣል።

"ተው! አትጨርሰው!" ብሎ ደምለው ጀሪካኑን ቀና አደረገው። ጀሪካኑ ተጋምሷል።

ያኔ ዓይኑ በቀኝ በኩል ወዳለው የስፖኪዮ መስታወት ሄደ። ጋቢናው ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ጉልበቱ ከጭኑ የወፈረ ሰው። ጉንጩ ተጣብቆ ጥርሱ ብቻ የቀረ ሰው። ደምለው ሲያየው አወቀው፤ ወሬውን ከአባቱ ሰምቷል። በክፉው ዘመን ከሩቅ አገር ተሰዶ የመጣ ሰው ነበር። በመንደሩ በር ሁሉ አለፈ። ሰው እያየው በሩን ዘጋ፤ ለራሱም አልነበረውማ። እንብላ ያለው አንድም ሰው የለም። መታጠፊያው ላይ ወድቆ ቀረ። ማንም አልቀበረውም። እናቴን፣ ይሄን ስናገር አሁንም ሆዴ ይባባል።

"ደምለው" አለው።

በምሽት ሲጠሩ አቤት አይባልም፣ ታውቁ የለ? እሱ ግን "አቤት" አለ።

"አልጠገብኩም።"

"ነዳጄን ሁሉ በላህብኝ! ሚስቴን ልትገላት ነው?"

"የጋበዝከኝ ነዳጅ አይደለም። በሞቴ ነው ያልከኝ።"

ከኋላ የሻረግ ጮኸች። "ደምለው! ልጁ! ልጁ ሊመጣ ነው!"

ደምለው ወደ እሷ አየ። ወደ ጋቢናው አየ። ከዚያ አንለይን ክንዱን ያዘው።

"ስማኝ። እኔና እሱ ራቅ ስንል ይቺን የቀረች ነዳጅ ጨምርና ንዳ። ወደኋላ እንዳታይ።"

"አብደሃል? በዚህ ገደል ጥዬህ ልሂድ?"

"እህትህን ይዘህ ሂድ አልኩህ!"

ዞሮ የቀኙን በር እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው በትህትና ከፈተው። "ና፣ ውረድ። እዚህ ሆኖ አይበላም" አለ። መኪናዋ ሲጥ ብላ ከተኛችበት ተነሳች። ደምለው ወደ ቋጥኙ ሄደ። የሚታየው አንድ ሰው ነው። ጠጠሩ ላይ የሚሰማው ግን የሁለት ሰው እግር ነው።

አንለይ እያለቀሰ የቀረውን ነዳጅ ጨመረ። ድምፅ የለም፤ ነዳጁ ገባ። ሞተሩ አንዴ ሲነካ ተነሳ። መኪናዋ እንደ ባዶ ጆንያ ቀልላ ከተማ ደረሰች። የሻረግ ወንድ ልጅ ወለደች። እሷም ተረፈች፣ ልጁም ተረፈ።

ጎህ ሲቀድ አንለይ ወደ መታጠፊያው ተመለሰ። ደምለው ቋጥኙን ተደግፎ ተቀምጧል። ቁስል የለበትም። ሆዱ ብቻ ምግብ ያላየ ይመስል ከጀርባው ተጣብቋል። ሰውነቱ ደርቆ ቀዝቅዟል፤ ገና ከምሽቱ ጀምሮ የሞተ ነው። አንለይ ጋቢውን አልብሶት፣ ለእህቱ ሊነግር ሐኪም ቤት ገባ። እንዴት ይጀምር?

የሻረግ ልጁን አቅፋ ቀድማ ተናገረች።

"ደምለውን ምን ነካው? ልጁን ሳያይ የት ሄደ?"

"እሱማ... መንገድ ላይ ቀርቶ..."

"ምን መንገድ ላይ ቀርቶ ትለኛለህ? አንተ ወደ መሪው ስትሄድ እሱ አይደል ከኋላ የመጣልኝ? መንገዱን ሙሉ እጄን ይዞ 'አይዞሽ፣ ደረስን' ሲለኝ ነበር። እጁ ግን በረዶ ነው። እዚህ በሩ ጋ ስንደርስ ለቀቀኝ። 'አንቺ ግቢ፤ እኔ ከዚህ አላልፍም' አለኝ። ምን ሆኖብኝ ነው አንለይ? ለምን አልገባም?"

በቃ፣ አፌን እዚህ ላይ ዘጋሁ። ተነሱና ወደየቤታችሁ ሂዱ። ብቻውን የሚወጣ ግን የለም፣ ነግሬያለሁ! ቢያድግ፣ ትርሲትን በሯ ድረስ አድርሳት። አንተን ማን ይመልስሃል? እሱን እንጃ።