ለእንግዳ የታጠበ ጉድጓድ

ፍቅር በጽጌረዳ ሽታ ይጀምራል ያለው ማን ነው? የአብደላ ፍቅር የጀመረው በበረኪና ሽታ ነው። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

አብደላ መቂ ከተማ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ፣ ሠላሳን ገና ያለፈ፣ ሥራ ወዳድና ዓይን አፋር ሰው ነው። ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ግቢ በር ላይ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት የውሃ ጉድጓድ አለ። አባቱ ሲሞቱ አጅሩ፣ ማለትም የበጎ ሥራው ምንዳ፣ እንዲደርሳቸው ብሎ በሰደቃ ያስቆፈረው ነው። ሰፈሩ በሙሉ በነፃ ይቀዳል። ሰው ጀሪካኑን ሞልቶ «አላህ ይዘንላቸው» ባለ ቁጥር የአብደላ ልብ ቅቤ ይጠጣል።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ልጆች ሆዴን ሆዴን ማለት አበዙ። የጎረቤቱ የሰንበታ መንትዮችማ ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ተኙ። ውሃው ይመርመር ተባለና ከአዳማ ባለሙያ እንደምትመጣ ተነገረ። አብደላ ማልዶ ተነሳ። ግቢውን ጠረገ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ከዚያም ሁለት ሊትር በረኪና ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠ።

ባለሙያዋ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ፣ በረዶ የተሞላ ሳጥን ይዛ ከባጃጅ ወረደች። ሃፍሳ ትባላለች። አብደላ ሲያያት ያዘጋጀው ሰላምታ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። እሷ ግን ፓምፑን መታ መታ አድርጋ ውሃውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ቆመች።

«በረኪና የጨመረበት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሁለት ሊትር።»

«ሆን ብለህ?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለም እንዴ?»

ሃፍሳ አልሳቀችም። «ወንድሜ፣ እኔ የመጣሁት ውሃው ውስጥ ያለውን ለማየት ነበር። አንተ ደበቅክብኝ። የሚታመሙት ልጆች አያሳዝኑህም?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ሳጥኗን አንስታ ሄደች። አብደላ በነጭ ሸሚዙ እንደቆመ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን፣ በረኪናው ሲለቅ፣ እመጣለሁ ሳትል መጥታ ውሃ ቀድታ ወሰደች። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሰንሰለትና ቁልፍ ይዛ ተመለሰች።

«ከሽንት ቤት የሚመጣ ጀርም ተገኝቶበታል። ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ይዘጋል።»

«የአባቴ ሰደቃ ነው እኮ... ሰው በጠጣ ቁጥር አጅር ይደርሳቸዋል።»

«ልጆቹ በታመሙ ቁጥርስ ምን ይደርሳቸዋል?» አለች ቀስ ብላ።

ይህ ቃል አብደላን እንደ እሾህ ወጋው። ሰንሰለቱን ከእጇ ተቀበለና ፓምፑን ራሱ ቆለፈው። ቁልፉን መልሶ ሰጣት።

«አንቺ ያዢው። እኔ ልቤ ይራራል።»

ሃፍሳ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየችው። «በረኪናው... ለማታለል አልነበረም ማለት ነው?»

«ወላሂ ለአንቺ ክብር ነው። ያን ቀን ዶሮዎቹን ሳይቀር አስሬያቸው ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። አብደላም እዚያችው ላይ አለቀለት።

ከዚያ በኋላ እሱ በአህያ ጋሪ ከከተማ ቧንቧ እየቀዳ ለሰፈሩ ያድላል፣ እሷ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር መራቅ አለበት፣ ከበላዩ ደግሞ ጨርሶ መሆን የለበትም ብላ አስረዳችው። እሱ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል፣ እሷ ታነባለች። የእነ አብደላን አሮጌውንም የጎረቤቱንም ሁሉ ለኩ፤ ሁሉም ሩቅ ነው። አብደላ አንድ ቀን መምጣቷ እንዳይቀር ምንጩ ባይገኝ ብሎ ሲመኝ ራሱን ያዘውና አፈረ። የሰንበታ ልጆች ፊት ድቅን አለበት።

አንድ ያላሳያት ነገር ግን ነበር። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ፣ ሁለት ክፍል አዲስ ቤት ሠርቷል። ሽንት ቤትም አለው፤ የሽንኩርት ለቃሚዎቹ ይጠቀሙበታል። አዲስ ነው፣ በሲሚንቶ ነው የተሠራው፣ ንጹሕ ነው ብሎ አስቧል። ደግሞም ቤቱ የማን ነው ብትለው ምን ሊል ነው?

አልቀረለትም፣ ሃፍሳ ቆርቆሮውን አየችው።

«ያ ቤት የማን ነው?»

አብደላን ላብ አጠመቀው። «የ... ሙሽራ ቤት ነው።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ሜትሯን ዘረጋች። «ሽንት ቤቱስ?»

አሥራ ሁለት ሜትር፤ ያውም ከጉድጓዱ በላይ። ሃፍሳ አረንጓዴ ቀለም በባልዲ ውሃ በጥብጣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋችና ሄደች።

በአራተኛው ቀን ሰንሰለቱን ፈትታ ፓምፑን ስትመታ አረንጓዴ ውሃ ወጣ።

አብደላ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «በአባቴ ስም ያስቆፈርኩትን በገዛ እጄ በከልኩት።»

«አላወቅክም።»

«ባሳይሽ ኖሮ ታውቂ ነበር። አፍሬ ነው።»

«ማግባት ምኑ ያሳፍራል?» አለች ፊቷን አዙራ።

እናቱ አዴ ቀመሪያ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሯል። ብቅ አሉ። «ማንን ነው የሚያገባው? ቤቱ ከተሠራ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሙሽራዋ ግን እስከ ዛሬ አልተወለደችም መሰለኝ! እኔ ነኝ ቤት ሥራ፣ አግባ እያልኩ የጨቀጨቅኩት።»

ሃፍሳ ሳቋን ልትደብቅ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። አብደላ ቀና ብሎ አያት።

«እንግዲህ ሽንት ቤቱን መቼ ትደፍናለህ?» አለችው።

«ዛሬ።»

አደረገውም። አስመጥጦ ደፈነው፣ ሌላ ከጉድጓዱ በታች ራቅ አድርጎ ሠራ። የውሃ ጉድጓዱም እሷ ባዘዘችው መጠንና ጊዜ ታከመ። በሁለተኛው ወር ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስቱንም ጊዜ ንጹሕ ሆነ። ሃፍሳ ሰፈሩ ሁሉ እያየ አንድ ብርጭቆ ቀድታ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች። የሰንበታ መንትዮች ተከተሏት።

«ከዛሬ በኋላ የምትመጪበት ምክንያት የለም ማለት ነው?» አላት ሲሸኛት።

«የሥራ ምክንያት የለም።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን አባቴን ጠይቃቸው። አዳማ ነው ያሉት።»

ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ። መህር፣ ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው ጥሎሽ፣ ሲወሰን የሙሽራዋ ፍላጎት ተጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ስንት ግራም ወርቅ ትል ይሆን ብለው ይጠብቃሉ።

«ወርቅ አልፈልግም» አለች ሃፍሳ። «ከጉድጓዱ በላይ እስከ ሠላሳ ሜትር ያለው ባዶ መሬት በስሜ ይሁንልኝ።»

«ምን ልትሠሪበት ነው ልጄ?» አሉ አንዱ።

«ምንም። ማንም ምንም እንዳይሠራበት ነው።»

አዴ ቀመሪያ እዚያ መሬት ላይ የሚከራይ ቤት ሊሠሩ ስንት ዘመን አልመዋል። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ግን ማንንም አልጠበቁም። «ስጧት» አሉ። «ለሟቹ ባለቤቴ ከእኔ የበለጠ የምታስብላቸው መጣች።» አብደላ እንባውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

ኒካው በሐምሌ ታሰረ። አሁን ያ መሬት ሣር ብቻ ነው። ሰፈሩ «የሃፍሳ መህር» ይለዋል፤ ፍየል እንኳ ብትገባበት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ያባርሯታል።