ሐዋሳ ያለው ቤት

«ቆይ፣ ቆይ! ካሜራውን ወደኋላ መልሰው» አለች ኤልዳና፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ።

ኡራኤል አልሰማም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ። ሐዋሳ ላይ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አትላንታ ደግሞ ገና ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ኤልዳና ሊቶኒያ ባለው ቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ቁርሷን ገፋ አድርጋ የአጎቷን ልጅ በቪዲዮ እየተከተለችው ነው። ኡራኤል በአንድ ዓመት ይበልጣታል፤ አሥራ አምስት ሞልቶታል። በአካል ተገናኝተው አያውቁም፤ ግን ሁለቱም ስልክ ከያዙ ጀምሮ ሳይደዋወሉ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

«ይኸውልሽ፣ ይሄ የእግረኛ ነው፤ ይሄ ቀዩ ደግሞ የብስክሌት» አለ ኡራኤል እየተራመደ። «እዚህ ጋ ድሮ ጭቃ ብቻ ነበር እኮ። አሁን ግን ፏ ብሏል፣ አይደል? ለአስተማሪሽ ይሄን አሳያት።»

የደወለችለት ለትምህርት ቤት ሥራ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው በፍጥነት እያደገ ያለ አንድ ከተማ መርጣችሁ አጥኑ ብላቸዋለች። ሌሎቹ ልጆች ዱባይንና ሌጎስን ሲሻሙ ኤልዳና ማንም የማይሻማትን ሐዋሳን ወሰደች። የእናቷ ከተማ ነው፤ የሐይቁ ዳር ልማት በየቀኑ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ሥራው ቀላል መስሏት ነበር።

«ኡራ፣ ሲሪየስሊ። ዛፉን መልሰህ አሳየኝ።»

«የቱን ዛፍ?»

«አሁን ያለፍከውን። ግንዱ ለሁለት የተከፈለውን።»

ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቆመ። ትልቅ ሾላ ነው። ዙሪያውን ክብ የድንጋይ መቀመጫ ተሠርቶለታል፤ ሁለት ሴት ልጆች ተቀምጠው አይስክሬም ይበላሉ። ኤልዳና ቀና ብላ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አየች። እናቷ በአሥር ዓመቷ፣ እግሯን አንጠልጥላ፣ እዚያው ግንድ መሃል ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያደገችበት ቤት ቢጫ ግድግዳና ሰማያዊ መስኮት ይታያል። ስልኩ ላይ ግን ግድግዳም መስኮትም የለም። ከዛፉ በስተጀርባ ያለው ሐይቁ ብቻ ነው።

«ያ የማሚ ዛፍ ነው» አለች።

«ኔትወርኩ…»

«ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ፊትህን እያየሁት ነው። ቤቱ የታለ?»

ኡራኤል መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አይስክሬም የሚበሉትን ልጆች ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ቀነሰ።

«ፈርሷል።»

«መቼ?»

«ከገና በኋላ። አቦ፣ አባዬ ይገድለኛል! ኤልዱ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ሐምሌ ላይ ስትመጣ ራሳችን እንነግራታለን ተብሏል።»

ኤልዳና ስልኩን ዘጋችው። የኡራኤል አባት፣ አጎቷ ተስፋዬ፣ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ የሚደውለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። አያቷም «የስልኬ ካሜራ አይሠራም» ማለት ከጀመሩ ወራት ሆኗቸዋል።

እኩለ ቀን ላይ እናቷ ኤልፍነሽ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለው ሆስፒታል ሺፍቷን ጨርሳ መጣች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ካርቶን ታቅፋ ነበር በሩን በእግሯ የገፋችው።

«ኤልዱ! ነይ ያዥልኝ፣ ከባድ ነው።»

ሳሎኑ መሃል ሁለት ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው ከተቀመጡ ወር አልፏቸዋል። አንደኛው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለሉ ሦስት የውኃ ቧንቧዎች፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወትና የግድግዳ ቀለም ናሙናዎች አሉ። ኤልፍነሽ ካርቶኑን ከፍታ የሚያብለጨልጩ የበር እጀታዎችን ምንጣፉ ላይ ደረደረች። አሥራ አንድ ናቸው።

«ቤቱ ስንት በር ነው ያለው?» አለች ኤልዳና።

«ስድስት። አምስቱ ወደፊት ለምንጨምራቸው ክፍሎች።» እናቷ አንዱን እጀታ አነሳችና ወደ ታች ጫን አደረገችው። «ድምፁን ሰማሽ? ልስልስ ያለ። ሐምሌ ላይ ሙሉ በሙሉ ሪሞዴል ነው የማደርገው። ኡራኤል ቪዲዮ ላከልሽ? አዲሱ መንገድ ደጃችን ድረስ መጥቷል ይላሉ፤ እስቲ አሳዪኝ።»

«ኔትወርክ አልነበረም።»

ቃሉ እንዲህ በቀላሉ ይወጣል ብላ አላሰበችም። እናቷም ወዲያው አመነቻት። ኤልዳናን ያስደነገጣት ይሄ ነበር፤ መጠራጠር የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። እጀታዎቹን አንድ በአንድ በካልሲ እየጠቀለለች ሻንጣው ውስጥ መክተት ቀጠለች።

ኤልዳና ክፍሏ ገብታ የትምህርት ቤት ወረቀቷን አወጣች። አስተማሪዋ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍላዋለች፤ በአንድ በኩል የተጠቀሙ፣ በሌላው የተጎዱ። ኡራኤልን የተጠቀሙት ውስጥ ጻፈችው፤ ብስክሌት የለመደው በአዲሱ መንገድ ላይ ነው። እናቷን የተጎዱት ውስጥ ልትጽፍ ብላ ተወችው፤ እናቷ ገና መጎዳቷን አታውቅም። የማያውቅ ሰው ተጎድቷል ይባላል? አጎቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ውሸታም የሚል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም።

በማግስቱ እሑድ እናቷ ኳየር ውስጥ ስለምትዘምር ከሁሉም ቀድመው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ውስጥ ልምምዱ ሲጀመር ኤልዳና የመኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለኡራኤል ደወለች። ሌሊቱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር ያደረችው።

«አባትህ ውሸታም ነው» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «እናቴ በየቀኑ ዕቃ እየገዛች ሻንጣ ትሞላለች። ምን ዓይነት ወንድም ነው እንደዚህ የሚያደርገው?»

ከኡራኤል በስተኋላ የሴት ድምፅ «አምጣው፣ ስጠኝ» ሲል ተሰማ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ጆሮ ታየ። አያቷ ፀሐይነሽ ቪዲዮ መሆኑን ረስተው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈውት ነው። ኡራኤል አስተካከለላቸው።

«ኤልዱዬ፣ ተስፋዬን አትቆጪው» አሉ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ለልማቱ ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ለኩ። ምትክ ቤት ይሰጥሻል አሉኝ። ጎረቤቶቼ ገና ሲሟገቱ እኔ እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩ። ለእናትሽ አትንገሯት ያልኩትም እኔው ነኝ።»

«ግን ለምን? የማሚ ቤት እኮ ነው!»

አያቷ ትንሽ ፈገግ አሉ። «የማን ቤት?»

ኤልዳና ፊቷን ሞቃት። አያቷ ግን አልተቀየሟትም፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ጓዳዬ ይገባ ነበር። ፍራሼን ብሎኬት ላይ ሰቅዬ ነበር የምተኛው። ጉልበቴ እርጥበት አይወድም። ለእናትሽ ብነግራት ‹ትንሽ ታገሺ እማዬ፣ መጥቼ አሠራዋለሁ› ትለኛለች። አሥር ዓመት ታገስኩ። በኋላ ላይ ሳስበው ቤቴ መሆኑ ቀርቶ ለእሷ የምጠብቀው ዕቃ ሆኖብኛል። አሁን ፎቅ ላይ ነኝ። ውኃ ከቧንቧ ነው የሚመጣው፤ ከመሬት አይመጣም።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

«እና ደስ ብሎሻል?» ኤልዳና አያቷን አንቱ ማለት ሁልጊዜ ይጠፋባታል።

አያቷ ዞር ብለው ቤቱን ቃኙ። ከኋላቸው ነጭ ግድግዳና በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ይታያል።

«ቀን ቀን ደስ ይለኛል። በሬን ስቆልፍ ግን የሰው ቤት የምቆልፍ ይመስለኛል። ዘውድነሽን ታውቂያት የለ? ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ዓሣ የምትጠብሰውን? እሷ ተከራይ ናትና ምትክ አልተሰጣትም፤ ራቅ ብላ ሄደች፤ እስካሁን ሥራዋን የምትጀምርበት ቦታ እየፈለገች ነው። እኔ ስፈርም እሷን አላሰብኳትም። ይኼ ይኼ ይከነክነኛል።»

«ለማሚ ለምን አትነግሪያትም ታዲያ?»

«በደወለች ቁጥር ስለ እጀታ ታወራልኛለች፣ ስለ ቀለም ታወራልኛለች። ድምፅዋ የሕፃን ይሆናል። እንዴት ብዬ ላቋርጣት? መጥታ በዓይኗ ብታየው ይሻላል። ዝም በይ፣ እሺ የኔ ልጅ? ሐምሌ ሩቅ አይደለም።»

«ቻው እማማ» አለች ኤልዳና። ስልኩ ሲዘጋ የኡራኤል መልእክት ገባ። «አሁን ገባሽ?»

«ምንም አልገባኝም» ብላ መለሰችለት። እውነቷን ነበር። ትላንት የምትናደድበት ሰው ነበራት። ዛሬ አጎቷ የታዘዘውን ያደረገ ሰው ሆኗል፤ አያቷ ከእርጥበት ወጥተዋል፤ ኡራኤል ብስክሌት ይነዳል። ዘውድነሽ የምትባለውን ሴት በፎቶ እንኳ አይታት አታውቅም፤ ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለች። የባሰው ደግሞ ንዴቷ ቀስ እያለ ወደ እናቷ መዞሩ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ «ታገሺ» ማለት ምን ማለት ነው? እንዲህ ማሰቧ ራሱ አስፈራት። ተነስታ ገባች፤ ጉባኤው በሙሉ ሲዘምር እሷ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ደስ ብሏት ነበር። መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው አየር ላይ ግድግዳ ትሠራለች፣ ግድግዳ ታፈርሳለች።

«በረንዳውን ወደፊት አወጣዋለሁ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቀች ሐይቁን የምታይበት ሰፊ መቀመጫ አሠራላታለሁ። ሰርፕራይዝ ነው ታዲያ! ስትደውል እንዳታወሪ። እንዳትነግሪያት፣ እሺ?»

ኤልዳና ወደ መስኮቱ ዞረች። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ለሌላዋ ሲሉ፣ በአንድ ዓይነት ቃል አፏን ሊያስይዟት ነው። ሁለቱም ስለሚዋደዱ። በቃ እሺ ብላ እስከ ሐምሌ መቆየት ትችላለች፤ ማንም ልጅ ናትና ምን ታድርግ ይላል። ከዚያ ደግሞ እናቷን በሐሳቧ አየቻት፤ ሁለት ከባድ ሻንጣ እየገፋች፣ ኡራኤል ባሳያት በዚያ ንጹሕ መንገድ ላይ ቆማ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያያት።

«ማሚ፣ እዚያ ነዳጅ ማደያው ጋ ፓርክ አድርጊ።»

«ምነው፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም። ፓርክ አድርጊ ብቻ፣ ፕሊስ።»

እናቷ ግራ እየተጋባች ከመንገድ ወጣችና ጥግ ይዛ ቆመች። ኤልዳና ለአያቷ ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«እማማ፣ ኤልዳና ነኝ። ማሚ አጠገቤ ናት፤ ስፒከር ላይ ነሽ።» ስልኩን ወደ እናቷ ጠጋ አደረገችው። «ጠዋት ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያት። እኔ ልነግራት አልችልም፤ ያንቺ ነው። ግን እስከ ሐምሌ ዝም ማለትም አልችልም።»

«ምንድን ነው እሱ?» እናቷ ከኤልዳና ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ኤልዳና አየች። «እማዬ? ደህና ነሽ? ተስፋዬ ደህና ነው?»

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ። ቀጥሎ የአያቷ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል።

«ሁላችንም ደህና ነን፣ ኤልፍዬ። መኪናውን አቁመሻል?»

«አቁሜያለሁ።»

«ሞተሩንም አጥፊው።»

እናቷ አጠፋችው። አየር ማቀዝቀዣው ሲቆም መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ወዲያው ተሰማ። ኤልዳና ሁለቱ ለብቻቸው እንዲያወሩ ልትወርድ ቀበቶዋን ፈታች። ግን አልወረደችም። ስልኩን በሁለቱ መቀመጫዎች መሃል አስቀመጠችና ከእናቷ ጋር መስማት ጀመረች።